ቅጹ የተረታበት ችሎት

ቅጹን ያዘጋጀው ሰው መንዝን በካርታ እንኳ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ወለሉ ያንሸራትታል?» ይላል። በክረምት ከሞላሌ ወጣ ብሎ የማያንሸራትት ነገር ካለ እኔ አላየሁም። «ክፍሉ በቂ ሙቀት አለው?» ይላል ደግሞ። እኔ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነኝ። መንዝ ስወጣ ሁለት ሹራብና ጋቢ ደርቤም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። በየቤቱ «የለውም» እያልኩ ስሞላ አለቃዬ፣ «የጠየቅንሽ ስለ ተገልጋዩ ነው እንጂ ስለ አንቺ አይደለም» ብሎ ተቆጥቶኛል።

ሥራዬ ይኸው ነው። ድርጅታችን አቅም ላነሳቸው አዛውንቶች ቤታቸው ድረስ ተንከባካቢ ይልካል። እኔ ደግሞ ተንከባካቢዋ ሥራዋን በደንብ መሥራቷን፣ አዛውንቱም አደጋ ላይ አለመሆናቸውን እየዞርኩ አያለሁ፤ ቅጽም እሞላለሁ። በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ። እናቴ «አንቺ ልጅ ከበርበሬ ጋር ነው የተቦካሽው» ትለኝ ነበር። ለዚህ ሥራ ቁጣ ይጠቅማል ብዬ አምን ነበር።

አንድ ሰኞ ቢሮ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ተመላላሽ መንገደኛ ነኝ አለ። ሞላሌ አጠገብ ካለ መንደር፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ በተጠገነ አንድ ሽማግሌ ቤት በየጠዋቱ ጩኸት ይሰማል፤ ተንከባካቢዋ ትጮኽባቸዋለች አለ። ደሜ ፈላ። ቅጻችን ላይ ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ «ተንከባካቢዋ ከተገልጋዩ ጋር ትጨቃጨቃለች?» ይላል። መልሱ «አዎ» ከሆነ አገልግሎቱ እዚያው ይቆማል። አገልግሎቱ ከቆመ ደግሞ ደብረ ብርሃን ያለው ልጃቸው ቤታቸውን ዘግቶ እሱ ጋ እንደሚወስዳቸው አስቀድሞ ነግሮናል።

በማግስቱ እስከ ሞላሌ በአውቶቡስ፣ ከዚያም በእግሬ ሄድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«በሕግ አምላክ ይቁሙ!»

እጅ ከፍንጅ፣ አልኩ በልቤ። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ መግቢያው ላይ አውራ በግ ተኝቶ ኖሯል። እሱ አልተነሣም፣ እኔ ግን በላዩ አልፌ ግቢው መሀል በእጄና በጉልበቴ አረፍኩ። ቅጾቼ ጭቃው ላይ ተበተኑ። ያኔ በጉ ተነሣና አንዱን ቅጽ ማኘክ ጀመረ።

ቀና ብዬ ሳይ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው ተንከባካቢዋ፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ የክኒን ብልቃጥ ይዛ ቆማለች። ግድግዳው ሥር ካለው የድንጋይ መደብ ላይ አንዲት ጎረቤት ባልቴት የበግ ፀጉር ይፈትላሉ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? እንዴት በታመመ ሰው ላይ ይጮኻል?» አልኩ፣ እኔው እየጮኽኩ።

ባልቴቷ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «ልጄ፣ ችሎት አይረበሽም። ተቀመጪ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ለምን እንደተቀመጥኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክሱ የክኒን ነበር። ተንከባካቢዋ፣ «በየጠዋቱ ሊውጡ ትናንት በዚሁ ችሎት ተፈርዶባቸው፣ ዛሬ አሻፈረኝ ብለዋል» ስትል ከሰሰች። እሳቸው፣ «የትናንቱ ክኒን ነጭ ነበር፣ የዛሬው ቢጫ ነው። በነጩ የተሰጠ ፍርድ በቢጫው አይጸናም» ብለው መለሱ። ብልቃጡን ተቀብዬ አየሁት። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ፋብሪካው ነው የተለወጠው። ባልቴቷ ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ጥቂት አሰቡና «ቀለሙ ቢለወጥ ሕመሙ አልተለወጠም፤ ይዋጥ» ብለው ፈረዱ። ሽማግሌው እጅ ነስተው ዋጡ።

ተንከባካቢዋን ወደ ጎን ጎትቼ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ምን ላድርግ እታለም» አለችኝ። «ስመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። እህል የለ፣ ወሬ የለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመንኳቸው። ሲመረኝ ‹አባባ፣ እከስዎታለሁ› አልኳቸው። ዞር ብለው ‹በምን?› አሉኝ። የመጀመሪያ ቃላቸው እሱ ነው። ‹ወጥተው ይስሙት› አልኳቸው። ተኝቶ የሚሟገት ሰው የት አለ? ተነሡ።»

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር በክስ ሆነ። ገንፎው በክስ፣ እግር ማፍታታቱ በክስ። የገላ መታጠቡ ጉዳይ ብቻ ሦስት ቀጠሮ ፈጅቷል።

ሳቄ መጣ። ግን ከበጉ አፍ ያስጣልኩት ወረቀት ላይ ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ጥርስ ሳይነካት ቀርታለች። እውነቱን ነገርኳቸው። «አዎ» ብዬ ካልሞላሁ ዋሸሁ፤ ከሞላሁ ተንከባካቢዋ ከሥራዋ ትነሣለች፣ እሳቸውም ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ።

ሽማግሌው ወደ መደቡ ጠጋ አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን እንደገና አጣፉ።

«እንግዲያው ቅጹን ከስሻለሁ። ነገረ ፈጁ አንቺ ነሽ፤ ተጠየቂ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ከበርበሬ ጋር የተቦካ ሰው ተጠየቂ ተብሎ እንዴት ዝም ይላል? ተነሥቼ የኔንም ጋቢ አጣፋሁ።

«ቅጹ የወጣው እርስዎን ለመጠበቅ ነው» አልኩ። «የሚጮኹበት ሰው ይሸበራል።»

«የምጮኸው እኔ ነኝ። የሷ ድምፅማ ቀጭን ነው።»

«በሙግት ግለው ዱላዎን ቢረሱና ቢወድቁስ? ዳሌዎ ዳግመኛ ቢሰበር ማን ይጠየቃል? ልጅዎ ቤት ሐኪም ቅርብ ነው፣ የሚጨቃጨቅዎት የለም። ምን ይጎድልብዎታል?»

ይሄን ጊዜ ወደ እኔ መጡ። ግቢውን አቋርጠው፣ በጉን ዞረው፣ አፍንጫዬ ሥር ቆሙ።

«ልጄ ደግ ነው። ሚስቱም ደግ ናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሆስፒታል ስወጣ ሦስት ወር እነሱ ጋ ከርሜያለሁ። ነገሩ ሁሉ ‹እሺ አባባ› ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ‹ዝናብ መጣ› እላለሁ፤ ‹እሺ አባባ።› አንድ ቀን ‹ለከርሞ ጳጳስ እሆናለሁ› አልኳቸው። ‹እሺ አባባ፣ ሾርባዎን ይጠጡ።› ሰው የሚከራከረው አለ ብሎ ከሚቆጥረው ሰው ጋር ነው። እኔ እዚያ ሞቼ ነው የከረምኩት። ተመልሼ እንዳልሞት እፈራለሁ።»

ዓይናቸውን ሽሽት ወደ መደቡ ሳይ ዱላቸው እዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«አባባ፣ ዱላዎ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ተንከባካቢዋ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች።

«ያውና ምስክሬ» አልኩ እኔ። «ይረሱታል ብያለሁ።»

«የኔም ምስክር እሱው ነው» አሉ እሳቸው። «ያለ ዱላ መሄዴን አየሽ?»

ባልቴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ቅጹ ተረቷል» አሉ። «በዱላው ግን ልጅቷ እውነቷን ነው።» ከፈተሉት ክር ቆርጠው፣ ድርብ አድርገው ዱላውን ከሽማግሌው የእጅ አንጓ ጋር አሰሩት። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺም አትዋሺ። ‹አዎ› ብለሽ ጻፊ። ጀርባው ባዶ ነው፤ ያየሽውን እዚያ አስፍሪ» አሉኝ።

አሰፈርኩ። ጀርባው ስላልበቃኝ በጉ ያኘከውንም ወረቀት ጨመርኩበት። አለቃዬ የተቀረጠፈውን ዳር እያገላበጠ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ «እማኝ ነው» አልኩት። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ልጃቸው ዘንድ ተደወለ። «ቆመው ይሄዳሉ ነው የምትሉኝ?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀና «እንግዲያስ እዚያው ይሁኑ» አለ። አገልግሎቱ ቀጠለ። ክሩም «የደህንነት ማሻሻያ» ተብሎ ተመዘገበ።

ለሽማግሌው እኔው ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ ረተዋል። እሷም አትነሣም፣ እርስዎም የትም አይሄዱም። ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ምርቃት ጠበቅኩ።

«ይግባኝ እላለሁ» አሉ።

«በምኑ? የረቱት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ። ተዘግቷል አልሽኝ፤ ቅር ያለኝ እሱ ነው። መቼ ትመጫለሽ?»

እሺ ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«አልመጣም» አልኳቸው። «የረታ ሰው ይግባኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መብትም የለዎት።»

«ምን አልሽ?» አሉ። ከጀርባቸው ተንከባካቢዋ «ቀስ ይበሉ አባባ፣ ክሩን» ስትል ሰማሁ። ተነሥተዋል።