ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ገላዋን ሳጥባት ደረቷ ላይ ስደርስ «ያመኛል» ብላ ሸሸችኝ። ዳበስ ሳደርጋት በግራ በኩል ሽምብራ የምታክል እብጠት አገኘሁ። ክው አልኩ። ገና የወተት ጥርሷን ቀይራ ያልጨረሰች ልጅ ጡት ልታወጣ ነው።

ጥርጣሬዬ ሩቅ አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ የባሌ እህት ላይ አረፈ። እኛ የምንኖረው ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ነው፤ እሷ ኢስሊ ገበያ ሽቶና ክሬም ትነግዳለች። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ሱቅ ትውልና ስትመለስ ሽታዋ ቀድሟት ይገባል። ምን እንደምትቀባት እግዜር ይወቅ። ያ የምታበላት ዶሮስ ምን ተወግቶ እንዳደገ ማን ያውቃል? በቃ፣ መሄዱን ከለከልኩ። ባሌ ምን አድርጋሽ ነው ቢለኝ ራስህ ጠይቃት አልኩት። እሷ ስትደውል ደግሞ ልጅቷ ጥናት በዝቶባታል ብዬ ዘጋሁት። ድሮም ስትስቅ ዓይኗ አይስቅም።

ልጄን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ደም አስመርምራ፣ የልጅቷን ገላ የሚነካውን ሁሉ ይዘሽ ነይ አለችኝ። አንዳንድ ቅባትና ሽቶ ውስጥ ያለው ነገር ሆርሞን መስሎ ሰውነትን ያታልላል፤ ለሕፃን ደግሞ ጥቂቱም ይበዛል አለች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የአክስቷን ስጦታ በሙሉ፣ ሽቶውን፣ ሎሽኑን፣ የጥፍር ቀለሙን ለቃቅሜ ወሰድኩና ጠረጴዛው ላይ እንደ ከሳሽ ደረደርኩት።

ሐኪሟ አንድ በአንድ ስታነብ ልጄ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«እማዬ፣ የጸጉሬን ቅባት ረሳሽው።»

ጸጉሯ እየተሰበረ ሲያስቸግረኝ ያሳድጋል ብለውኝ መሃል ከተማ የገዛሁት ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስወስዳት ማታቱ ታክሲው ውስጥ ስለምቀባት ከቦርሳዬ አይለይም። አወጣሁት። ሐኪሟ ጠርሙሱን አዙራ «ፕላሴንታ» የሚለውን በጣቷ አሳየችኝ። እኔ የአበባ ስም ይመስለኝ ነበር። እንዳልገባኝ ስታይ ሆዷን ነካ አድርጋ፣ ልጅ ሲወለድ ተከትሎ የሚወጣው ነው አለችኝ። እንግዴ ልጅ! ሰው የሚቀብረውን ነገር እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ አናት ላይ ሳሽ ኖሬያለሁ። ሐኪሟ መንስኤው ይሄ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ዛሬውኑ ጣይው፣ ከሦስት ወር በኋላ እናያታለን አለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ጣልኩት። በሦስተኛው ወር እብጠቷ ሟሽሻ ጠፋች። ለባሌ እህት ደወልኩና መጠርጠሬን ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ልጅቷ ደህና መሆኗን ብቻ ጠየቀችኝ። አፈርኩ።

ልጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አክስቷ ትሄዳለች። እኔ ጸጉሯን ላበጥር ስል ግን አናቷን ዝም ብላ አትሰጠኝም። እጇን ዘርግታ የያዝኩትን ቅባት ትቀበለኝና ከላይ እስከ ታች አንብባ ስትጨርስ ነው የምትመልስልኝ። አንድ ቀን አክስትሽንም እንዲህ ታደርጊያታለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«አይ፣ አንቺን ብቻ» አለችኝ።