ሰባት ቤት በሽምብራ እሸት

ባለፈው ጥር ወረታ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ልጅ የሽምብራ እሸት እያሰረች ስትሸጥ አገኘኋት። አንድ እስር ገዝቼ ፍሬውን ስፈለቅቅ ቅጠሉ ላይ ያለው ጨው ጨው የሚል ሆምጣጣ ነገር ጣቴ ላይ ቀረ። ጣቴን ላስሁት። በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ዳር ጣቴን ስልስ ያዩኝ ሰዎች ምን እንዳሉ እንጃ፤ እኔ ግን በጃንሆይ ጊዜ፣ እመት ዘነቡ ማሳ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

እመት ዘነቡ ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል፣ ልጅም አልወለዱም። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሐይቅ ያደርገዋል፤ ውኃው ሲሸሽ በሚተወው ጥቁር አፈር ላይ እሳቸው ሽምብራ ይዘሩ ነበር። እሸቱ ሲደርስ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ማሳቸውን ይከባል። ሌላው ባለ ማሳ በጓል ያባርረናል፤ እሳቸው ግን የአቡጀዲ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው «ቁጠሪ!» ይላሉ። የሚቆጠረው የየራሳችን ትውልድ ነው፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያሉ እስከ ሰባት ቤት። የሞላለት አንድ እስር እሸት ይሸለማል። መሀል ላይ የተሰናከለ ባዶ አፉን ቤቱ ገብቶ አባቱን ሲያስጨንቅ ያመሻል።

ስም ብቻ አይበቃቸውም፤ «ምን ሠራ?» ይላሉ። ከአያቶቼ አንዱ ለጥምቀት ሲሻገር ርብ ሱሪውን የወሰደበት ሰው መሆኑን የሰማሁት ከሳቸው ነው። ወንድሞቼ ያፍሩበታል፤ እኔ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። አንድ ቀን «እመት፣ የእርስዎን ማን ይቆጥርልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና ሳልቆጥር አንድ እስር ሰጡኝ።

አባቴ «እኒህ ሴትዮ ልጆቹን በሽምብራ ሊቅ ሊያደርጓቸው ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ የቀረው እህቴ የሺ ልትዳር ስትል ነው።

በአገራችን እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። የሺ የታጨችው ከርብ ማዶ ላለ አለባቸው ለሚባል ልጅ ነበር። ሽማግሌ በወጉ ይላክ እንጂ እሷ ቀድማ በጥምቀት አይታዋለች፤ ስሙ ሲነሳ የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። ስትታጭ የልጁ ወገኖች እስከ ቅድመ አያቱ እስከ ካሴ ቆጥረው «ከዚያ ወዲያ አናውቅም» ቢሉ ታለፈ። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ በሰርጉ ዋዜማ ግን የልጁ አጎት ከአንበሳሜ መጡና «ካሴማ የንጉሤ ልጅ ነው!» አሉ። ንጉሤ ደግሞ የአባቴ ቅድመ አያት ነው። ሙሽሮቹ የአንድ ሰው ዘር ሆነው ተገኙ ማለት ነው። ከበሮው ቆመ። የሺ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች፤ ስታለቅስ አይቼ እኔም አብሬ አለቀስሁ።

እናቴ ሮጣ እመት ዘነቡን ከማሳቸው አመጣች። የእጃቸው አፈር ገና አልረገፈም።

«እውነት ነው፣ ካሴ ንጉሤ ይባል ነበር» አሉ። የእናቴ ፊት ጠቆረ። «ንጉሤ ግን አሳደገው እንጂ አልወለደውም። ርብ ቤታቸውን ሲወስደው የካሴ እናት ተሜዳው አውጥታ ለንጉሤ አደራ ሰጠችው። አያቴ በአንድ ገበታ አብራው በልታ ነው ያደገች። የውኃ እንግዳ ባሳደገው ስም ሲጠራ ዛሬ ነው የሰማችሁ?»

በክረምት የሜዳው ሰው ልጁን «የውኃ እንግዳ» ብሎ ጉብታ ላይ ላለ ወዳጁ እንደሚሰጥ፣ ልጁም አንዳንዴ እዚያው እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል። አጎትየው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እመት፣ ዳስ ተተጣለ ወዲያ ብዙ ይባላል። ምስክርዎ ማነው?»

«አንተ ነሃ!»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

«ካሴ ሲቀበር ነበርህ?»

«አያቴ አይደል? ልጅ ብሆንም ነበርሁ እንጂ።»

«አልቃሿ የማን ልጅ ብላ አለቀሰችው?»

አጎትየው ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። የሙሾውን ዜማ በከንፈራቸው ብቻ ይሉት ጀመር። ድንገት ቀና አሉ። «የሽፈራው ልጅ! የሽፈራው ልጅ ነው ያለችው! እኔ እኮ እስተዛሬ ለዜማው ያስገባችው ይመስለኝ ነበር።»

«አልቃሽ ሬሳ ፊት አባት አትቀይርም» አሉ እመት ዘነቡ።

ከዚያ ሁለቱ በሙሾው የተነሱትን ስሞች ይዘው ከሽፈራው ወደ ላይ እየተቀባበሉ ቆጠሩ፤ አንዱ ሲጥል ሌላው እያነሳ ሰባቱ ሞላ። ከእኛ ወገን አንድም ስም አልተገኘበትም። መጀመሪያ እልል ያለችው ከጓዳ የሺ ራሷ ናት። ሙሽራ በሰርጓ እልል አትልም ብሎ የገሠጻት አልነበረም።

በማግሥቱ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲመጣ እመት ዘነቡ አንድ እስር እሸት ይዘው በሩ ላይ ቆሙበት። «ቁጠር!» አሉት። ካባው ውስጥ እያላበው ቆጠረ፤ «ካሴ ሽፈራው» ሲል ዳሱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ያን የመናኸሪያውን እሸት ይዤ የሺ ቤት ሄድሁ። የልጅ ልጇ፣ ጥርሷ ገና ያልሞላ፣ ዘላ ልትነጥቀኝ ስትል እጄን ወደ ላይ አነሳሁና «ቁጠሪ!» አልኋት። ሳትደናቀፍ ሰባቱን ሞላች። እሸቱን ልሰጣት ስል ጣቷን አቆመች።

«ገና አላለቀም» አለች። «ያገናኙን እመት ዘነቡ።»

የሺን ዞሬ አየኋት። «በዚህ ቤት እንዲህ ነው የሚቆጠር» አለችኝ።

እስሩን በሙሉ ለልጅቷ ሰጠኋት።