መድኃኒት የለመዱት ትሎች

አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። ካዛንቺስ ያለው ግቢያችን ሰፋ ያለ ስለነበር ሴት በጎች ገዝታ ማርባት ጀመረች። እኔ ባምቢስ አካባቢ ቢሮ ውዬ ስመለስ ስለ ሥራዬ ከመጠየቋ በፊት የግልገሎቹን ወሬ ትነግረኝ ነበር።

ከግቢያችን ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርድ ረግረጋማ ሜዳ አለ። በጎቻችን ከጎረቤታችን በጎች ጋር እዚያ ይውላሉ። ጎረቤታችን ከጉራጌ አገር የመጡ ሴት ናቸው፤ ለእናቴ ከእህት አይተናነሱም።

አንድ ክረምት ግልገሎቹ ይደክሙ ጀመር። ከሁሉ የሚያምረው ከመንጋጋው ሥር አበጠ፤ ሲነኩት ውሃ የቋጠረ ላስቲክ ይመስላል። እናቴ እንደ ልማዷ የትል መድኃኒት በጥብጣ አጠጣችው። ሌላ ጊዜ ቶሎ ይነሡ ነበር፤ ይሄኛው ግን ሣሩ ላይ አፉን አሳርፎ ዝም ብሎ ይቆማል። ደገመችለት፤ ሞተ። ወዲያው የጎረቤታችንም ግልገል ተከተለ።

«በሽታውን ያመጡት ያንቺ በጎች ናቸው» አሉ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል።

«ያንቺዎቹስ ሰማይ ላይ ነው የሚግጡት?» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታም ቀረ። እናቴ በግልገሎቹና በጓደኛዋ መሃል እህል አልበላ አላት።

ሦስተኛው በሞተበት ማለዳ የእንስሳት ሐኪም ይዤ መጣሁ። የታመመውን ግልገል የዓይን ቆብ ገለበጠው፤ ቀይ መሆን ሲገባው ወረቀት መስሏል። የሞተውን ጨጓራ ሲከፍተው ክር የመሰሉ ትሎች ይርመሰመሳሉ።

«ደማቸውን የጨረሱት እነዚህ ናቸው።»

«መድኃኒት ሰጥቻለሁ እኮ» አለች እናቴ።

«ሁልጊዜ አንድ ዓይነት?»

«አዎ። ትንንሽ ናቸው ብዬ አንዱን እንክብል ለሁለት ለሦስት አካፍላለሁ።»

«መጠኑ ሲያንስ ደካማው ትል ይሞታል፣ ጠንካራው ይተርፋል፤ የሚራባው የተረፈው ነው፣ እማማ። ሜዳውን የሞሉት እነሱ ናቸው። አሁን ይሄ መድኃኒት ለነሱ እንደ ውሃ ነው።»

እናቴ ወደ አጥሩ ሄደች።

«ነይ፣ ሐኪሙ የሚለውን ስሚ። ያመጣነው እኔም አንቺም ነን፤ አንቺም እንደኔ እንክብሉን ታካፍያለሽ» አለቻቸው። ጎረቤታችን ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ።

ሐኪሙ የሰጠን ሌላ ዓይነት መድኃኒት እናት በጎቹን አተረፈ። ግልገሎቹ ግን አንድ በአንድ አለቁ።

ክረምቱ እንደወጣ ከከተማ ውጭ የመጣ ሰው በጎቹን ለርቢ ፈለጋቸው። እኔ ተገላገልን ብዬ ነበር። እናቴ ግን፣ «ሆዳቸው ውስጥ ለመድኃኒት የማይበገር ትል ሊኖር ይችላል። ከበጎችህ ጋር እንዳትቀላቅላቸው» አለችው። ሰውየው አመስግኖ ባዶ እጁን ሄደ።

«ምን አስለፈለፈሽ?» አልኳት ተናድጄ።

«እሱስ ግልገል የለውም?»

ሐኪሙ ሥጋቸው ሰው አይጎዳም ስላለን ለገና ለዕርድ ሸጠቻቸው። በረቱን ራሷ አፈረሰችው፤ ላግዝሽ ብላት እንቢ አለች። ቆርቆሮውን እየነቀለች ስትደረድር የጎረቤታችን በጎች ድምፅ ከሜዳው ይሰማን ነበር። ሌላ ማሰማሪያ ስላልነበራቸው ትል ወደሞላበት ወደዚያው ሜዳ ያወጧቸዋል።