ከበዓል ማግስት የተረፈች ደንበኛ

የልብስ ሰፊዋ ችግር በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጀመረ፤ ጠዋት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ከበዓሉ በፊት ደጇ በሰው ይተራመስ ነበር። "በናትሽ እህቴ፣ ለዛሬ አድርሽልኝ!" ይሏታል፤ እሷም ጨርቁን ገና ሳትቆርጠው "ነገ ያልቃል" ትላለች። ያኔ ምኞቷ አንዲት ቀን እፎይ ማለት ብቻ ነበር። ይኸው እፎይታው መጣላት፤ ድብርትን አስከትሎ።

መቼም ሳትለካ የማትቆርጥ ሴት ናትና መድኃኒቱንም በተራ በተራ ሞከረች። ተኛች፤ ባሰባት። በእግሯ ወጣ አለች፤ ባለፈው ሳምንት "እግርሽ ላይ ልውደቅ" ስትላት የነበረች ደንበኛ እሷ በሰፋችላት ቀሚስ አጊጣ፣ ገልመጥ አድርጋት አለፈች። ቢቸግራት ታላቅ እህቷን አማከረች።

"ለመሆኑ ምን ጎደለብሽ?"

"የሚጨቀጭቀኝ ሰው።"

"ለሱማ እኔ አለሁልሽ! ከሦስት ዓመት በፊት የሰጠሁሽ ጨርቅ የት ደረሰ?"

ጨርቁ አንድ እጅጌ ብቻ የተሰፋለት ቀሚስ ሆኖ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ ይጠጣል። ዘመድ ይታገሣል፤ የታገሠ ደግሞ ተራው አይደርሰውም።

ከዚያ ወዲህ እህት በየማለዳው በሩን ትደበድባለች። "አለቀ?"

"ነገ!" ትላለች ሰፊዋ፣ ከአልጋዋ ዘላ እየወረደች። የፊቷ ወዝ መለስ ብሏል።

ትናንት ሁለተኛውን እጅጌ ጨረሰች። ዛሬ ደግሞ "ይሄማ ጠማማ ነው" ብላ የመጀመሪያውን እየተረተረች ነው።