የአባቴ ቀኝ እጅ

ሰሞኑን ጎረቤቴን ስትሮክ መታው። ልጠይቀው ስሄድ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ሁሉም በየተራ ሲያጎርሰው አገኘሁ። እኔ አላጎረስኩም። "ምነው ጨከንሽ?" አለችኝ ሚስቱ እየሳቀች። እዚህ መቱ ከተማ ውስጥ ይህን ስባል የመጀመሪያዬ አይደለም።

ያኔ ገና አላገባሁም። ባለሱቁ አባቴ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ተኛ። በግራ እጁ መብላት ስላሳፈረው ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ ተወ። በዚያው ሰሞን፣ ከስትሮክ በኋላ ሰውነት እንዴት እንደሚመለስ የምታጠና ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥታ ነበርና ለጥናቷ ከመረጠቻቸው ጋር አስገባችው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣ ኳስ ታስወረውራቸዋለች። አባቴ "በስተርጅና ኳስ ተጫዋች አደረግሽኝ!" እያለ ይስቃል።

ለእኔ የሰጠችኝ ሥራ ግን አያስቅም፤ በምግብ ሰዓት ደህናውን ግራ እጁን በሻሽ ጠቅልዬ በቀኙ ብቻ እንዲበላ ማድረግ። "ደህናው ሁሉን ከሠራለት ያኛው መሥራት ይረሳል። ማንም እንዳያጎርሰው" አለችኝ።

ማንም! አክስቴን ዘይነባን አታውቋትም። በየቀኑ ለምሳ ትደርስና ሻሹን ትፈታለች። "ያ ረቢ! ወንድሜን እንደ ሌባ አሰርሽው? ጨካኝ!" እያለች ታጎርሰዋለች። እሱም አፉን ይከፍታል። ጠያቂው እሷን ይመርቃል፣ እኔን በጎሪጥ ያያል። ሐኪሟ "በዚሁ ከቀጠለ እጁ ላይመለስ ይችላል" ስትለኝ ልቤን አጨከንኩ።

በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የተቀቀለ ጎደሬ ቆራርሼ አቀረብኩና በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። የበሽተኛ ቤት መዝጋት ምን እንደሚያስብል አውቃለሁ። አክስቴ ደጅ ሆና እየበሰበሰች በሩን ትመታለች፤ አባቴ ግንባሩን አልቦት ጎደሬውን ያነሳል፣ ይጥላል፣ ደግሞ ያነሳል። በመጨረሻ ከንፈሩ ደረሰ። ዋጠው።

"ክፈቺላት" አለኝ።

"አባዬ፣ መጀመሪያ ብላ እንጂ።"

"እህቴን ዝናብ ላይ አታቁሚያት። ክፈቺ!"

ገባች። ልትሰድበኝ አፏን ስትከፍት፣ አባቴ በዚያው በሚንቀጠቀጥ እጁ ጎደሬ አንስቶ አጎረሳት። እያለቀሰች ዋጠች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ "ሁለተኛ በር እንዳትዘጊባት" አለኝ።

አክስቴ እስክትሞት ድረስ ወንድሟን በጉርሻዋ እንዳዳነችው ስታወራ ኖረች፤ ዘመዶቻችን ዛሬም እንደዚያው ያወራሉ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አላረማትም። በዚያ እጁ ብዙ ዓመት በላበት። እኔንም ስንት ጊዜ አጉርሶኛል፤ ይህን አልክድም። ያቺ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ግን ለእኔ ነበር የምትገባው።