አልጋነሽ፣ የአይከሏ ስልከኛ

አላመንኩም። እየጻፍኩ እንኳ አላመንኩም።

ዛሬ ጠዋት የአልጋነሽ ልጅ ከጎንደር ደወለልኝ። አስቀድሞ አጠገቤ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ልጄ አለች፣ ምነው? አልኩት። ስልኩን ለሷ እንድሰጣት ለመነኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። አልጋነሽ ናት? ብዬ ስጠይቀው ለቅሶው አመለጠው።

ባለፈው ፋሲካ እኮ ጎንደር እሷ ዘንድ ነበርኩ። ያን ሁሉ ዳገት በከዘራ ወጥታ እስከ አራዳ ድረስ ሸኝታኛለች።

ብዙዎቻችሁ ስለማታውቋት ትንሽ ላውራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ እኔ የዳባት፣ እሷ የአይከል ስልከኛ ነበርን። በየከተማው አንድ ስልክ ቤት፣ አንድ ስልከኛ። የሰው ጉዳይ ሁሉ በጆሯችን ያልፋል፤ ክሱም፣ ሠርጉም፣ ሞቱም። የሰማነውን ማውራት ክልክል ነው። ሰዉም ይፈራናል። እኔ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ የጀመሩትን ወሬ ያቋርጡ ነበር። ገና ልጅ እግር ነኝ፣ በአገሩ ዘመድ የለኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ከሰው ሳገናኝ ውዬ እኔ የማወራው ሰው አልነበረኝም።

ጠዋት ጠዋት መስመሩ መሥራቱን ለማወቅ የጎንደሩ ስልከኛ አያ ተገኝ ይጠሩናል። ዳባት ደህና፣ አይከል ደህና ብለን እንዘጋለን። ነገሩ ይኸው ነበር። አንድ ቀን ግን አልጋነሽ ከዳባቷ ልጅ ጋር ያገናኙኝ አለቻቸው። ምን ጉዳይ አለሽ? ሲሏት፣ እንዴት እንዳደረች ልጠይቃት ነው ብላ መለሰች።

እኔ ደህና አላደርኩም። በዋዜማው የአንድ ወታደር መርዶ በእጄ ገብቷል። ሽማግሌዎቹ ገና አላረዱም። እናቱ ደግሞ ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ጌሾ ትሸጣለች፤ ከዚያ ሁሉ ሰው የምትስቅልኝ እሷ ብቻ ናት። ያን ጠዋትም ሳቀችልኝ።

አልጋነሽ ድምፄን ሰምታ ምን ሆነሻል አለችኝ። መናገር አይፈቀድልኝም አልኳት።

“ስሙን ተይው፤ የከበደሽን ብቻ ንገሪኝ።”

አለቀስኩ። አይዞሽ እንኳ አላለችኝም። ስልኩን ሳትዘጋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ሥራውን ልተው ቆርጬ ነበር፣ ሳልተወው ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ትንሽ መቆየት ለመድን። የማንንም ስም አንስተን አናውቅም። እያደር አያ ተገኝም የራሳቸውን ማዋየት ጀመሩ። ያን ያህል ዓመት ሲሠሩ እንዴት አደሩ ያላቸው የሥራ ባልደረባ እንዳልነበረ የነገሩን ያኔ ነው።

ሌላው የማልረሳው የአባቷ ሞት ነው።

አባቷ ጎንደር ደብተራ ነበሩ። ድንገት አረፉ፣ ተቀበሩም። ወንድሟ አያ ተገኝ ዘንድ ስልክ ቤት መጥቶ፣ አይከል ያሉ ጎረቤቶቿ እንዲያረዷት ንገሩልኝ አለ። በአይከል ያለውን ስልክ የምታነሳው ግን ራሷ አልጋነሽ ናት። አያ ተገኝ ጨነቃቸው። በማግስቱ ማለዳ ለኔ አስቀድመው ነገሩኝ። በስልክማ አይነገራትም፣ እኔ እሄዳለሁ አልኳቸው። አለቃቸውን ለምነው አስፈቀዱልኝ።

እስከዚያው እንዳትጠረጥር እንደወትሯችን ጠራናት። እንዴት አደርሽ አልናት። ደህና አደርኩ አለችን። ከዚያ የጎረቤቷ ፍየል ስልክ ቤት ገብታ ወረቀቷን እንዴት እንደበላችባት እያሳቀች አጫወተችን። እኛም እንደምንም ሳቅን።

በጭነት ማኪና ጎንደር ገባሁ፣ በሌላ ማኪና አይከል ደረስኩ። እንዳታየኝ ጎረቤቷ ዘንድ አደርኩ። ጎሕ ሲቀድ ከንስሐ አባቷና ከጎረቤቶቿ ጋር ሆነን በሯን አንኳኳን።

ከዚያ በፊት ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። በሩን ከፍታ አየችኝ። ስሜን ስነግራት አልደነገጠችም።

“ትናንት ድምፃችሁን ስሰማ አውቄዋለሁ። አባዬ ነው ወይስ እማዬ?” አለችኝ።

አባባ ናቸው አልኳት። ያን ጊዜ ተሸነፈች።

የፍየሏን ወሬ ያነሳችው ጭንቀታችንን ልታቀልልን እንደነበር የገባኝ እዚያ ለቅሶው መሃል ነው። ቤቷ ሞት እንደገባ እያወቀች፣ የማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ሌሊቱን ብቻዋን ጠብቃናለች። በኋላ ምነው ያን ዕለት አልጠየቅሽንም? ብላት፣ ብጠይቃችሁ ትዋሹኝ ነበር፣ እንዳትዋሹኝ ብዬ ነው አለች።

ኋላ ኋላ በየወረዳው አዳዲስ ስልከኞች ሲመደቡ በመጀመሪያው ሳምንት አልጋነሽ በስልክ ፈልጋ ታገኛቸዋለች። ማንም አላዘዛትም። እንዴት አደርሽ ነው የምትለው፣ ሌላ አይደለም። ዛሬ ማረፏን ሰምተው ከየቦታው የሚደውሉልኝ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እነዚያ ናቸው።

አልጋዬ፣ ነገ በመጀመሪያው ማኪና እመጣለሁ። ጉልበቴ እምቢ ቢል ልጆቼ ይደግፉኛል። ካንቺ ጋር ስላረጀሁ ደስ ይለኛል። ከመልክሽ በፊት የወደድኩት ድምፅሽን ነው፤ የሚናፍቀኝም እሱ ነው። እግዚአብሔር ደጁን ሲከፍትልሽ ያንቺዎቹ ሁሉ ቆመው ይቀበሉሽ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።