«እንብላ» በጨረር ክፍል ደጃፍ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እንጃ። ስንቱ በየበረሃው ሲቀር፣ በአውሮፕላን የሄደ ተማሪ ስለ ስደት ላውራ ማለቱ ያሳፍራል። ግን የአባቴም ታሪክ ነውና ልሞክረው።

አንድ ማታ ከሰፈራችን ከልደታ ወጣን፤ እኔ ለትምህርት፣ አባባ ለሕክምና፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን። የጨጓራ ካንሰሩ የተገኘው ሥር ከሰደደ በኋላ ነበር። አዲስ አበባ አብዛኛውን ጨጓራውን ቆርጠው አወጡለት፤ ለቀረው በሽታ ከመድኃኒት ጋር ጨረር ያስፈልገው ነበር፣ የጨረሩ መሣሪያ ግን አገራችን አልነበረም። የመውጫ ቪዛ ሹሙ፣ «አባት፣ እርስዎም እዚያው ሊቀሩ ነው?» አለው።

«ጨጓራዬ እኮ እዚሁ ቀርቷል፤ እኔ የት እሄዳለሁ?» አለ አባባ።

የላይፕዚግ ሚያዝያ ከእኛ ሐምሌ ይብሳል። ዳቦው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ የእንጀራን ኮምጣጣነት ግን አያስታውስም። ሐኪሟ፣ «ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ይብላ። ክብደቱ ከወረደ ሕክምናውን እናቆማለን» አለችኝ።

ጨረር ክፍሉ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ ዳቦውን ሰጠሁት። ብድግ ብሎ ለተቀመጡት ሁሉ «እንብላ» አለ። አንድ ሽማግሌ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት። የእኛ ሰው ቢሆን «ብሉ፣ ይባርክ» ብሎ ይተወው ነበር። ሽማግሌው «ዳንከ» ብሎ አመስግኖ ግማሹን ወሰደ። አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ቀሪውን ወሰደች። አባባ ደስ አለው፤ እኔን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግስቱም ያው ሆነ።

ክብደቱ ወረደ። ነርሷ፣ «ይህ ሬስቶራንት ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ከመጋረጃ ጀርባ እንዲበላ ለመንኩት።

«ሌባ ነኝ እንዴ ተደብቄ የምበላው?»

«አባባ፣ እዚህ ብቻን መብላት ነውር አይደለም።»

«ለእነሱ ይሁን። አንተም ለመድከው?»

አፈርኩ። ከትምህርቴ እየቀረሁ አብሬው መብላት ጀመርኩ። ትልቁን ጉርሻ ግን ሁልጊዜ ለእኔ ያደርገዋል፤ ለራሱ ያስቀረውንም መድኃኒቱ ያስመልሰዋል። ሕክምናው ሳያልቅ ተቋረጠና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከወራት በኋላ ጎረቤት ቤት ደወልኩ፤ ደግፈው አመጡት።

«እየበላህ ነው አባባ?»

«ቤቱ ሰው ሞልቶ እንዴት አልበላም! አንተስ? ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

«ከጓደኞቼ ጋር» አልኩት፣ ብቻዬን የበላሁበትን ሳህን እያሰብኩ። ሌላ ነገር ሳልለው መስመሩ ተቋረጠ።

አባባ ያረፈው ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው።